ጎለም ሊመለስ ነው፤ የቶልኪን አድናቂዎች ግን ለምን ፈሩ?

ሜይ 2024 ላይ ዋርነር ብራዘርስ አንድ ዜና አወጣ። «ዘ ሃንት ፎር ጎለም» የሚባል አዲስ የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልም ሊሠራ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳይምታታባችሁ።) ዜናው ገና ሳይቀዘቅዝ ዩቲዩብ ላይ አንድ የቆየ ፊልም ታገደ። የታገደው ፊልም ስም? «ዘ ሃንት ፎር ጎለም»።

ይሄኛውን የሠሩት አድናቂዎች ናቸው። ክሪስ ቡሻርድ የሚባል እንግሊዛዊ በጎ ፈቃደኞችን ሰብስቦ፣ ከ3,000 ፓውንድ ባልበለጠ ወጪ፣ 40 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፊልም ሠርቶ 2009 ላይ በነፃ ለቀቀው። ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። 15 ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ኩባንያው ስሙን ሲፈልገው ግን የኮፒራይት ጥያቄ ቀረበበትና ጠፋ። አድናቂዎች ጮሁ። በቀናት ውስጥ ፊልሙ ተመለሰ፣ ጉዳዩም ተዘጋ።

ተዘጋ እንበል እንጂ የልብ ቁስል ነክቷል። አዲሱ ፊልም ለዲሴምበር 17፣ 2027 ቀን ተቆርጦለታል። ዳይሬክተሩ አንዲ ሰርኪስ ነው፤ ጎለምን ራሱን የተጫወተው ሰውዬ። ፒተር ጃክሰንም በፕሮዲውሰርነት አለበት። ስማቸውን ብቻ ስትሰሙ እልል የሚያስብል ነው። ታዲያ አድናቂው ምን ሆኖ ነው ከደስታው እኩል የሚፈራው? መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ሆቢት።

ለማታውቁት ባጭሩ። «ዘ ሆቢት» ቶልኪን 1937 ላይ ያሳተመው የልጆች መጽሐፍ ነው። ቢልቦ የሚባል፣ ቤቱንና ሆዱን የሚወድ አጭር ፍጡር፣ ከ13 ድንኮችና ጋንዳልፍ ከሚባል አስማተኛ ሽማግሌ ጋር ሆኖ ዘንዶ የቀማቸውን አገርና ወርቅ ለማስመለስ ይሄዳል። መንገድ ላይ አንዲት ቀለበት ያገኛል። ያቺ ቀለበት በኋላ የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ጣጣ ሁሉ መነሻ ሆነች። በመጽሐፍ ሆቢት ቀድሞ ነው የተጻፈው። በፊልም ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጃክሰን ትልቁን ታሪክ ከ2001 እስከ 2003 አሳይቶ ጨረሰ፣ ሶስተኛው ፊልም ብቻውን 11 ኦስካር ወሰደ፣ ከዚያ ነው ከ2012 እስከ 2014 ሆቢትን ይዞ የመጣው። ስለዚህ በራሱ የቆመው የልጆች ተረት ፊልም ሲሆን ፕሪክዌል ሆነ። ማለትም የሌላ ታሪክ መንደርደሪያ። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እኔ በሌላ በር ነው የገባሁት። ሰፈራችን ያለ ፊልም ቤት ፍላሽ ሲሞላልኝ መጀመሪያ የደረሰኝ ሁለተኛው ሆቢት ነው፣ ያውም በትርጉም። ተራኪው 13ቱንም ድንኮች በአንድ ድምፅ እየቀለደ ሲያናግራቸው ቆይቶ ዘንዶው ከወርቁ ሥር ዓይኑን ሲገልጥ እሱም ዝም አለ። የመጀመሪያውን ሳላይ፣ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ሳላውቅ ወደድኩት። መጽሐፉን በፒዲኤፍ ስልኬ ላይ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንብቤ ስጨርስ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ያ ሁሉ ውጊያ የት ሄደ?» የሚል ነበር። ስለዚህ የምጽፈው እንደተከዳ አንባቢ ሆኜ አይደለም። ፊልሙን መጀመሪያ ወድጄ፣ የተቆጡት ሰዎች ምን እንዳስቆጣቸው በኋላ የገባኝ ሰው ነኝ።

ብዙ ጊዜ «አድናቂዎች የተናደዱት ፊልሙ መጽሐፉን ስለቀየረው ነው» ይባላል። አይመስለኝም። የመጀመሪያዎቹ ሶስት ፊልሞችም እኮ ቀይረዋል። ቶም ቦምባዲል የሚባል ገጸ ባህሪ ከነታሪኩ ተቆርጦ ወጥቷል። ፍሮዶ ቆስሎ ሲያጣጥር የሚደርስለት በመጽሐፉ ግሎርፊንዴል የሚባል ኤልፍ ነው፤ ፊልሙ ላይ ቦታውን አርወን ወሰደችው። ያኔም ያጉረመረመ ሞልቶ ነበር። ግን ሰዉ ፊልሞቹን ወደዳቸው፣ እስከ ዛሬም ይወዳቸዋል። መቀየር ብቻውን ኃጢአት ቢሆን ኖሮ እነሱም በተኮነኑ ነበር።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ያኔ ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ ታሪክ ለማሳጠር ተቆረጠ። አሁን 300 ገጽ አካባቢ የሆነ ታሪክ ለማርዘም ተጨመረ። ስትቆርጥ የሚቀረው ዋናው ነገር ነው። ስትጨምር ግን ዋናው ነገር ከጭማሪው ሥር ይቀበራል።

ጁላይ 2012 ላይ፣ ዋናው ቀረጻ አልቆ፣ የመጀመሪያው ፊልም ሊወጣ አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጃክሰን ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ሁለት የተባለው ፊልም ሶስት ሊሆን ነው አለ። የአድናቂው ልብ የተከፈለው ያን ቀን ነው። ግማሹ «ተጨማሪ ሆቢት ማን ይጠላል» አለ። ግማሹ ገንዘብ ሸተተው። ሶስቱ ፊልሞች ሲደመሩ በሲኒማ ቤት ርዝመታቸው 474 ደቂቃ ሆኑ፤ 8 ሰዓት ሊሞላ 6 ደቂቃ ይቀረዋል። ይሄን ከአንድ ነገር ጋር አስተያዩት። ሜይ 2020 ላይ፣ ዓለም በኮሮና ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ ያው አንዲ ሰርኪስ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ብሎ መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀጥታ ስርጭት አነበበው። 11 ሰዓት ገደማ ፈጀ። አስቡት፣ መጽሐፉን ቃል በቃል ጮክ ብሎ በማንበብና ፊልሞቹን በማየት መካከል ያለው ልዩነት 3 ሰዓት ገደማ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ሰዓት በምን ሞላ? ከፊሉ ከቶልኪን ከራሱ የመጣ ነው፤ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ መጨረሻ ላይ ካሉት ተጨማሪ ገጾች። ጋንዳልፍ በመሃል ጥሏቸው የት እንደሚሄድ፣ በጫካው ውስጥ የተደበቀው ጨለማ ኃይል ማን እንደሆነ ምናምን። ከፊሉ ደሞ ተፈጥሮ የገባ ነው። በቶልኪን ታሪክ ከጉዞው ብዙ ዓመት በፊት የሞተው አዞግ የሚባል ኦርክ ከሞት ተነስቶ ዋና አሳዳጅ ሆነ። በመጽሐፉ ስሙ እንኳ ያልተነሳው ሌጎላስ መጣ፣ ያውም የሚፈርስ ድልድይ ድንጋዮች ላይ እየረገጠ ሽቅብ እየሮጠ። (ይቺን ትዕይንት አይታችሁ ያልሳቃችሁ ካላችሁ እናንተ ከኔ ትሻላላችሁ።)

በጣም የሚገርመው ግን ውጊያው ነው። በመጽሐፉ በታላቁ ጦርነት መሃል ቢልቦ ራሱን በድንጋይ ይመታና ይወድቃል። ሲነቃ አልቋል። ቶልኪን ይህን ያደረገው መጻፍ አቅቶት አይደለም። ታሪኩ የቢልቦ ነው፤ ቢልቦ ደሞ ተዋጊ አይደለም። ፊልሙ ላይ ያቺ ጥቂት ገጽ የሶስተኛውን ፊልም ሰፊ ክፍል ያዘች። እንዲያውም ኤፕሪል 2014 ላይ የፊልሙ ስም ተቀየረ። ቀድሞ «ሄዶ መመለስ» የሚል ትርጉም ያለው፣ ቶልኪን ለመጽሐፉ የሰጠው ሁለተኛ ስም ነበር። በምትኩ «የአምስቱ ሠራዊት ውጊያ» ሆነ። ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሰውዬ ከርዕሱ ተነሳ፣ ጦርነቱ ገባ። አድናቂዎች ሁለት ዓመት ሲሉት የነበረውን ስቱዲዮው ራሱ በፖስተር አረጋገጠላቸው ማለት ነው።

አንድ ደሞ ድምፅ የሚባል ነገር አለ። ቶልኪን ሆቢትን ለልጆቹ ይነግራቸው ነበር። መጽሐፉ ላይ ይሰማል፤ ተራኪው በየመሃሉ እየገባ አንባቢውን ያናግራል፣ ያሾፋል፣ «ይሄን በኋላ ታያላችሁ» ይላል። ወላጆቻችን ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምተው ዛሬ መጽሐፉን ሲያነቡ እንኳ ያው ድምፅ ይመጣባቸው የለ? እንደዚያ በሉት። ሆቢትን ልጅ ሆኖ የተነበበለት ሰው ጆሮው ውስጥ የአባቱ ወይ የእናቱ ድምፅ አለ። ፊልሙ ያንን ትንሽ ድምፅ በከበሮና በሰይፍ ሲሸፍነው የሚሰማው ንዴት ስለ ሴራው ዝርዝር አይደለም። እዚህ ጋ ነው እነዚህን ሰዎች መረዳት የጀመርኩት።

ታውሪየል ላይ ግን ከብዙዎቹ ጋር አልስማማም። ኢቫንጀሊን ሊሊ የተጫወተቻት ሴት ኤልፍ በመጽሐፉ የለችም። ተቃውሞው ፊልሙ ሳይወጣ ነው የጀመረው። ግን ልብ በሉ፣ በሆቢት መጽሐፍ ውስጥ አንዲትም ሴት አፍ አውጥታ የምትናገርበት ቦታ የለም፤ ስሟ የተጠራው የቢልቦ እናት ብቻ ናት። 8 ሰዓት ሙሉ ወንድ ብቻ ልታሳየን ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ጥፋት አይደለም። መጨመሯ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። የተበላሸው የሰጧት ሥራ ነው። ሊሊ ራሷ በቃለ መጠይቅ እንደተናገረችው ሥራውን ስትቀበል አንድ ነገር ለምና ነበር፤ በሁለት ወንዶች መካከል የምትቆም አፍቃሪ አታድርጉኝ። እሺ ተባለች። ለተጨማሪ ቀረጻ ስትመለስ ግን ያው ነገር ጠበቃት፣ አንድ ወገን ሌጎላስ፣ ሌላ ወገን ድንኩ ኪሊ። አንዳንዱ አድናቂ ግን ስድቡን ያወረደው በጸሐፊዎቹ ላይ ሳይሆን በተዋናይቷ ላይ ነው። ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

ሌላው ጭቅጭቅ ስለ ምስሉ ነበር። ስልካችሁ ካሜራ ውስጥ ቪዲዮ ሴቲንግ ግቡ፣ 24፣ 30፣ 60 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ፤ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚነሳ ነው። ፊልም ለአሥርተ ዓመታት በ24 ነው የኖረው። ጃክሰን ሆቢትን በ48 ቀረጸው፣ በዚያ ፍጥነት በሰፊው ለሲኒማ የወጣ የመጀመሪያው ትልቅ ፊልም ሆነ። ኤፕሪል 2012 ላይ 10 ደቂቃ ያህል ለሲኒማ ቤት ባለቤቶች ሲያሳይ ብዙዎች ፊታቸው ተቀየረ። ምስሉ ከመጥራቱ የተነሳ ህልም መምሰሉ ቀረ፤ ጢሙ የተለጠፈ፣ ድንጋዩ የተቀባ መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ቲክቶክ ላይ በ60 ስናይ ለምንውለው ለኛ ያን ያህል ላያስደነግጥ ይችላል። ያኔ ግን «የቴሌቪዥን ድራማ መሰለ» የሚለው ቃል ፊልሙ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

እዚህ ጋ ቆም እንበልና ሌላውን ጎን እንይ፣ አለዚያ እኔም እንደነሱ ልሆን ነው። ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት በመክፈቻው ቀን ከአዳራሽ የሚወጡ ተመልካቾችን እየጠየቀ ለፊልም ውጤት ይሰጣል። የመጀመሪያው ሆቢት ኤ አገኘ። ሁለቱ ተከታዮች ኤ ማይነስ። ገቢው ደሞ የመጀመሪያው ብቻውን ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፣ ሶስቱ ተደምረው 2.9 ቢሊዮን ገደማ። ይሄ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ካገኘው ብዙም አይርቅም። ማለትም ቲኬት ቆርጦ የገባው አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ነው የወጣው። ማርቲን ፍሪማን ቢልቦን ሲጫወት፣ ጨለማው ዋሻ ውስጥ ከጎለም ጋር እንቆቅልሽ ሲጠያየቁ፣ ድንኮቹ በምሽት እሳት ዳር ሲዘምሩ፣ ቤኔዲክት ከምበርባች በዘንዶው ድምፅ ሲናገር፣ በጣም የተቆጣውም አድናቂ ይሄን ይሄን አይክድም። እኔ የዋሻውን ትዕይንት ብቻ ስንቴ እንዳየሁት አልነግራችሁም።

«ኦሪጅናሉ ይከበር» የሚሉትን ደሞ የሚያስቅ ታሪክ አላቸው። ኦሪጅናሉን መጀመሪያ የነካካው ቶልኪን ራሱ ነው። በ1937ቱ እትም ጎለም ይሄን ያህል ክፉ አልነበረም። በእንቆቅልሹ ውድድር ቀለበቱን ራሱ ለሽልማት ያስይዛል፣ ሲሸነፍ ሊሰጥ ፈልጎ ያጣውና ይቅርታ ጠይቆ ቢልቦን መውጫውን ያሳየዋል። በኋላ ቶልኪን ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን ሲጽፍ ቀለበቷ ማንም በፈቃዱ የማይለቃት መርገምት ሆነች፣ ያ ምዕራፍ አልገጥም አለ። 1951 ላይ ለውጦ አሳተመው። የድሮውን ላነበቡትስ ምን ይባል? ቢልቦ ያኔ ዋሽቶ ነበር አለ! እንዲህ ነው መገላገል።

ይሄ ብቻ አይደለም። 1960 ላይ ሆቢትን በሙሉ በሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ መንፈስ እንደገና መጻፍ ጀመረ። የጉዞውን ርቀት ከካርታው ማስማማት፣ ቀልዱን ማሳነስ፣ ቁም ነገሩን ማክበድ። ጥቂት ምዕራፍ ሄዶ አቆመ። ከአንድ ወዳጅ ያገኘው አስተያየት «ግሩም ነው፣ ግን ሆቢት አይደለም» የሚል ይዘት እንደነበረው ይነገራል። እንግዲህ ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይሄ ነው። ሆቢትን መንደርደሪያ ማድረግን ደራሲው ሞክሮት፣ አይሆንም ብሎ ትቶታል። ጃክሰን ከ50 ዓመት በኋላ ያንኑ መንገድ ያዘ፤ ልዩነቱ እሱ ማቆም የሚችልበት ሁኔታ ላይ አልነበረም።

ለምን አልነበረም? መጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኖ የተመደበው ጊየርሞ ዴል ቶሮ ነበር። ሁለት ዓመት ገደማ ሲያዘጋጅ ቆይቶ፣ የፊልሙ ተጋሪ የሆነው ኤምጂኤም በዕዳ ተይዞ ሥራው ሲጓተት፣ ሜይ 2010 ላይ ለቀቀ። ጃክሰን ገባ። ለሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ዓመታት ወስዶ የተዘጋጀ ሰው እዚህ የመውጫው ቀን እየገፋው ነው የሠራው። 2015 ላይ ከሶስተኛው ፊልም ዲቪዲ የተቆረጠ አጭር ቪዲዮ ኢንተርኔቱን አዳረሰ። ጃክሰን በራሱ አንደበት፣ በቂ ዝግጅት ሳይኖረው፣ ነገ ምን እንደሚቀርጽ በቅጡ ሳያውቅ ወደ ቀረጻ ይገባ እንደነበር ይናገራል። ፊቱ ላይ ድካሙ ይታያል። አንጋፋው ኢያን ማኬለን ደሞ ጋንዳልፍን ሲጫወቱ ብቻቸውን አረንጓዴ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ድሮ ረጅሙን ከአጭሩ ጋር ለማሳየት የሚጠቀሙበት የካሜራ ብልሃት በስሪዲ ስለማይሠራ፣ ድንኮቹ በሌላ ክፍል፣ እሳቸው በሌላ ክፍል ሆነው ነው የተቀረጹት። ከፊታቸው የነበረው የድንኮቹ ፎቶ ነው። አለቀሱ፤ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት።

ከዚያ ቪዲዮ በኋላ የአድናቂው ድምፅ ተለወጠ። «ጃክሰን ስግብግብ ሆነ» ሲሉ የነበሩት «ምስኪን» ማለት ጀመሩ። ንዴቱ ወደ ስቱዲዮው ዞረ።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የያዘኝ ፊልሙ ሳይቀረጽ የሆነው ነገር ነው። ሴፕቴምበር 2010 ላይ የኒውዚላንድ ተዋናዮች ማኅበር ስለ ክፍያና የሥራ ሁኔታ በኅብረት እንደራደር አለ። ዓለም አቀፉ የተዋናዮች ፌዴሬሽን ደግፎ፣ ስምምነት እስኪኖር አባላቱ ሆቢት ላይ ሥራ እንዳይቀበሉ አሳሰበ። ዋርነር ፊልሙ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ይችላል የሚል ነገር አሰማ። አገሩ ደነገጠ። ኦክቶበር 25 በየከተማው ሰልፍ ተወጣ፤ ልጆች የያዙ ቤተሰቦች፣ ሆቢት መስለው የለበሱ ሰዎች፣ ፊልሙን አትውሰዱብን የሚል ጽሑፍ የያዙ። ያ ቀን በኒውዚላንድ የሠራተኞች ቀን ነው፣ የ8 ሰዓት ሥራ መብት የሚታሰብበት በዓል። ሰልፉ ግን የተወጣው ለስቱዲዮው ነው። መብት የጠየቁት ተዋናዮች ስድብና ዛቻ ሲወርድባቸው ሰነበተ።

የዋርነር ኃላፊዎች በማግስቱ ደረሱ፣ ከጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ኪ ጋር ተቀመጡ። መንግሥት ተጨማሪ የግብር ተመላሽ ሰጠ። ኦክቶበር 29 ደግሞ ፓርላማው በአስቸኳይ የሥራ ሕጉን ቀየረ፦ ፊልም ላይ የሚሠራ ሰው፣ ውሉ በግልጽ ተቀጣሪ ነው ካላለ በቀር፣ እንደ ግል ሠራተኛ ይቆጠራል። በኅብረት መደራደር የለም። ሕጉ «የሆቢት ሕግ» ተብሎ ቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ይፋ የሆነ የጃክሰን ኢሜይል ደግሞ፣ በዚያው ጭቅጭቅ መሃል፣ የማኅበሩ እገዳና ፊልሙ የሚሠራበት ቦታ ምርጫ የሚገናኙ ነገሮች እንዳልሆኑ ለአንድ ሚኒስትር ጽፎ እንደነበር አሳየ።

እኔ በጽሑፍ ልክ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። ብታመም የሕመም ፈቃድ የለኝም፣ ክፍያ ቢዘገይ የምጮህበት ማኅበር የለኝም። ስለዚህ ያን ሰልፍ በቪዲዮ ሳይ ሆቢት የለበሰው ልጅ ላይ መፍረድ አልቻልኩም፣ ግን ዝም ብዬም አላለፍኩትም። ሰዉ የወጣው ስለሚወድ ነው። ፍቅሩን ወስደው የሌላ ሰው ደሞዝ ላይ ጫኑበት። ፊልሙ መጽሐፉን አበላሸ አላበላሸ ብለን ዓመታት ስንጨቃጨቅ፣ ያቺ ሕግ እዚያው ነበረች። መፍትሔ መሰል ነገር የመጣው 2022 ላይ ነው፤ አዲስ ሕግ ወጥቶ የፊልም ሠራተኞች በኅብረት የመደራደር መብት አገኙ፣ ሥራ ማቆም ግን አይችሉም።

አድናቂዎቹም በራሳቸው መንገድ መልስ ሰጥተዋል። ሶስተኛው ፊልም ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ጃንዋሪ 2015 ላይ አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ሶስቱን ፊልሞች ቆራርጦ ወደ 4 ሰዓት ገደማ አወረዳቸው። የፍቅር ታሪኩ ወጣ፣ አዞግ ቀነሰ፣ ቢልቦ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሞክሮታል። ሆሊውድ ውስጥ ያለው ተዋናይ ቶፈር ግሬስ እንኳ ለራሱ ብሎ ወደ 2 ሰዓት ፊልም አሳጥሮታል። እነዚህ ሰዎች ፊልሙን የሚጠሉ አይደሉም። የሚጠላ ሰው 8 ሰዓት ቪዲዮ ላይ ተቀምጦ ሰከንድ በሰከንድ አይቆርጥም። ያየሁት አንዱ ቁርጥ ላይ ቢልቦ ከቤቱ ወጥቶ ሲሮጥ ገና ፊልሙ ከተጀመረ ብዙም አልቆየም፣ እና ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ፒዲኤፍ ላይ ያነበብኩት ሰውዬ ስክሪን ላይ ታየኝ።

አሁን እንግዲህ ወደ ጎለም። አዲሱ ፊልም ታሪኩን የሚወስደው መጽሐፉ ውስጥ በጥቂት ገጽ ከሚወራ ነገር ነው፤ አራጎርን ጎለምን አድኖ የያዘበት። ጥቂት ገጽን ወደ ትልቅ ፊልም መንፋት ማለት ነው፣ ሆቢት ላይ ያየነው በሽታ። በዚያ ላይ አኒሜሽኑ «ዋር ኦፍ ዘ ሮሂሪም» ዲሴምበር 2024 ላይ ወጥቶ ሲኒማ ቤት ከስሯል፣ እሱም ከተጨማሪ ገጾች የተቀዳ ነበር። ተስፋ የሚሰጠው ደሞ ሰርኪስ ነው። ሆቢት ላይ ሁለተኛውን የቀረጻ ቡድን ይመራ ነበር፣ ስለዚህ ያ ቤት ሲጣደፍ ምን እንደሚመስል ከውስጥ አይቷል። መጽሐፉን ደሞ 11 ሰዓት ቁጭ ብሎ ለሰው ያነበበ ዳይሬክተር ብዙ የለም።

እስከዚያው የነቡሻርድ ፊልም ወደ ቦታው ተመልሷል። በ3,000 ፓውንድ የተሠራው። ዳታ ካላችሁ 40 ደቂቃ ነው።